እርሳሴን ሳነሳ ወፏ ትበራለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው፦ «ጸደይ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ብዙ ሳልርቅ ወፍ ለማየት እወጣለሁ። ባይኖኩላርና የንድፍ ደብተር እይዛለሁ። ነገር ግን እርሳሴን አንስቼ ቀና ስል ወፏ የለችም። የሁለት ወር ደብተሬን ባገላብጠው የሞላው በግማሽ ወፍ ነው፤ አንዷ ጭንቅላት የላትም፣ ሌላዋ እግር የላትም። ፎቶ እያነሳሁ ቤት ቁጭ ብዬ ብሥል ይሻለኛል ወይስ መጀመሪያ ሥዕል በወጉ ተምሬ ልመለስ? ተሳክቶልኝ የጨረስኩት አንድ ንድፍ ብቻ ነው፤ ትል በምንቃሯ ይዛ አጥር ላይ ቆማ ሩብ ሰዓት ያህል እየጮኸች ከአጠገቤ አልሄድ ያለች ወፍ። እንደሷ የማትሸሽ ወፍ እንዴት ላግኝ?»

ምላሽ፦

ግማሽ ወፎችዎን አይቅደዷቸው፤ ደብተሩንም አይቀይሩት። ለብዙ ዓመታት ወፎችን ስከታተልና ስነድፍ ኖሬአለሁ፤ በደብተሮቼ ውስጥ ከምንቃር እስከ ጥፍር ተሟልታ የተሣለች ወፍ የማገኘው ከብዙ ገጽ አንዷን ነው። ሌላው ሁሉ እንደ እርስዎ ነው፦ ጀርባና ጅራት፣ አንድ ክንፍ፣ ዓይንና ምንቃር። ከእነዚያ ጅምሮች የተማርኩት ግን ከተሟሉት ከተማርኩት ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት፤ የፎቶውንና የትምህርቱንም ጥያቄ በዚያው እመልሳለሁ። አጥር ላይ ስለቆመችው ወፍ የምለው ከበድ ያለ ስለሆነ ለብቻው መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

አንድ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ስድስት ሰከንድ ቆማ በረረች እንበል። የጀርባዋን መስመርና የጅራቷን ርዝመት አይተዋል፤ እግሯን አላዩትም። እዚህ ላይ «ወፍ መቼም እግር አታጣም» ብለው ከዚህ ቀደም የሚያውቁትን እግር ቢቀጥሉበት ንድፉ ያምራል። ነገር ግን ያልተመለሰውን ጥያቄ እንደተመለሰ አድርጎ ይዘጋብዎታል። እግሩ የሚኖርበትን ቦታ ባዶ ትተው ቢያልፉ ግን ያ ባዶ ቦታ ሌሊቱን አብሮዎት ያድራል። በማግስቱ ያቺው ዓይነት ወፍ ስትመጣ ዓይንዎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ እግሯ ነው፦ ጥቁር ነው ወይስ ቀላ ያለ? ጣቶቿ ሦስት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ ናቸው ወይስ እንደ ግንደ ቆርቁር ሁለት በሁለት? እኔ በደጅ ንድፍ ላይ የምጠብቀው ሕግ ይኸው ብቻ ነው፦ ያዩትን ይሣሉ፣ ያላዩትን ባዶ ይተዉ።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ካሜራ ሁሉንም እኩል ነው የሚያየው፤ ላባውንም፣ ከኋላ ያለውን ቅጠልም፣ ጥላውንም። የሰው ዓይን ግን መርጦ ያያል፤ ንድፍ ማለትም ያ ምርጫ ወረቀት ላይ ሲወርድ ነው። በሰከንድ ሽራፊ የተያዘች ወፍ ብዙ ጊዜ ሰው በዓይኑ አይቶት በማያውቀው አቋም ላይ ትገኛለች። ያንን ቤት ወስደው ሲገለብጡት መስመሩ ልክ ይሆንና ሕይወቱ ይጠፋል። ከዚያም በላይ፣ ካሜራውን ሲያስተካክል የቆየ ሰው ወፏን ሳያያት ይመለሳል። ቢሆንም ፎቶ አያስፈልግም አልልም። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ መስመር አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ለማጣራት ጥሩ ምስክር ነው። እኔ የማጠብቀው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ንድፍ፣ ቀጥሎ ፎቶ። ቤት ገብቼ ፎቶው ንድፌን ቢያስተባብለው ንድፉን አልነካካውም፤ ከጎኑ «መስመሩ ሁለት ነው» ብዬ እጽፍበታለሁ። የተሳሳትኩበት ቦታ ሳይደመሰስ ስለሚቆይ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ላይ እጠነቀቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግርዎ። «እርሳሴን አንስቼ ቀና ስል የለችም» ብለዋል። ከዚህ እንደምገምተው አንዱን መስመር አይተው አንዱን ለመሣል፣ ከወፏ ወደ ወረቀት ከወረቀት ወደ ወፏ ሲመላለሱ ነው የምታመልጥዎት። ይህ አካሄድ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ዕቃ ይሆናል፤ ለወፍ አይሆንም። ማየቱንና መሣሉን ይለያዩዋቸው። ወፏ እያለች እርሳሱን አይንኩት። ባይኖኩላሩን ዓይንዎ ላይ አድርገው በልብዎ እየተናገሩ ይዩ፦ «ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጅራቷ ከክንፏ ጫፍ ብዙ ያልፋል፤ ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ነው፤ ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ አላት።» በቃል የተነገረ ነገር ቶሎ አይጠፋም። ከዚያ ባይኖኩላሩን ያውርዱ፣ ዓይንዎን ለአፍታ ጨፍነው ምስሏን ይጥሯት፣ የቀረልዎትን ብቻ ይሣሉ። በዚህ ሰዓት ወፏ ብትኖርም ባትኖርም ግድ የለም፤ የሚሥሉት ውስጥዎ ካስቀሩት ነውና።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአሥር ሰከንድ እይታ የሚቀርልዎት ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ይሆናል። አይደንግጡ። ይህ ዓይነቱ ትውስታ በሥራ ብዛት የሚጠነክር ነው፤ ጸደዩ ሳያልቅ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

የመጀመሪያው መስመር ዓይን ወይም ምንቃር አይሁን። ከአናቷ እስከ ጅራቷ ጫፍ የሚወርድ አንድ ዘንበል ያለ መስመር ይሁን። ወፍ ከሩቅ የምትለየው በዚህ ነው፤ አንዳንዷ እንደ ዘብ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ አንዳንዷ በቅርንጫፉ ልክ ትጋደማለች። ይህ ዘንበል ማለት ልክ ከመጣ፣ ሌላው ሁሉ ቢጎድል እንኳ ወፏን የሚያውቅ ሰው ያውቃታል። በመስመሩ ላይ እንቁላል የመሰለ ሰውነት፣ ከበላዩ ትንሽ ክብ ለጭንቅላት ያኑሩ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን በደንብ ይዩ። ብርድ በሆነ ማለዳ ላባዋን ነፍታ አንገት የሌላት ኳስ የመሰለችው ወፍ፣ ፀሐይ ሲሞቃት ወይም ስትደነግጥ ላባዋ ገላዋ ላይ ይለጠፍና አንገቷ ተመዝዞ ሌላ ወፍ ትመስላለች። የተለወጠው ሥጋዋ አይደለም፣ የላባዋ አቀማመጥ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ወፏ መሃል ላይ አቋሟን ብትለውጥ የጀመሩትን ይዘው አያሳድዷት፤ እዚያው ገጽ ላይ ከጎኑ አዲስ ይጀምሩ። የወፍ እንቅስቃሴ ብዙ ይመስላል እንጂ ቢቆጠር ጥቂት ነው። ትለቅማለች፣ ቀና ብላ ዙሪያዋን ታያለች፣ ምንቃሯን ቅርንጫፍ ላይ ግራና ቀኝ ትጠርጋለች፣ ላባዋን ታበጥራለች፣ እንደገና ትለቅማለች። አንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ጅምር ካለዎት ቀና ስትል ወደ ቀናው፣ ስታጎነብስ ወደ አጎነበሰው እየተመለሱ መስመር ይጨምራሉ። ያን ጊዜ እርስዎ ወፏን መከተል ትተው ወፏ ራሷ ወደ ንድፍዎ ትመለሳለች።

ለዚህ ልምምድ ከእርግብ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሰው ባለበት ሁሉ አለች፣ ሰው ለምዳለች፤ ሰውም ከመልመዱ የተነሳ አያያትም። ስትራመድ ጭንቅላቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትወዘውዝ ይመስላል። ልብ ብለው ሲያዩ ግን ወደ ኋላ የሚሄድ ጭንቅላት የለም። ወደ ፊት ትወረውረውና አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች፤ ሰውነቷ ከሥር ተራምዶ ይደርስበታል፤ ከዚያ እንደገና ትወረውረዋለች። የወፍ ዓይን በጉድጓዱ ውስጥ እንደ እኛ ዓይን እንደ ልቡ አይዞርም፤ ስለዚህ እይታዋ እንዳይደበዝዝ የምታደርገው በአንገቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሪ ፍሮስት የተባለ ተመራማሪ እርግቦችን ከሥር በሚንሸራተት መራመጃ ላይ አራመደ። እግራቸው ይራመዳል፣ እነሱ ግን ከቦታቸው ፈቀቅ አይሉም፤ ዙሪያቸው ያለው ነገርም አልተንቀሳቀሰም። የጭንቅላታቸው ውዝዋዜ ቆመ። ለሚነድፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ ጭንቅላቷ ፈጽሞ የማይነቃነቅበት ቅጽበት አለ ማለት ነው። ዓይኗንና ምንቃሯን ያን ጊዜ ያንብቡ።

እርግቧ ፊትዎ ካለች ጥቂት እንቆይ። የአፏን መሰንጠቂያ መስመር በሐሳብ ወደ ኋላ ቢቀጥሉት ከዓይኗ በታች ያልፋል፤ ዓይኗ ደግሞ ጀማሪ ከሚያስቀምጠው ይልቅ ለምንቃሯ የቀረበ ነው። ዓይኗ ብርቱካንማ፣ እግሯ ቀይ፣ ከምንቃሯ ሥር ያለችው እብጠት ነጭ ናት። አንገቷ ላይ የሚያብለጨልጨው አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ፈቀቅ ባለች ቁጥር ይለዋወጣል፤ ቀለሙ የሚመጣው ብርሃን በላባው ረቂቅ አሠራር ላይ ሲያርፍ ነውና። ይህን በእርሳስ ለማምጣት አይድከሙ፤ ቦታውን ነጭ ትተው «አረንጓዴ፣ ስትዞር ሐምራዊ» ብለው ይጻፉበት።

በጀማሪ ንድፍ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ሦስት ስህተቶች አሉ፤ የእርስዎንም ደብተር ባየው ሳላገኛቸው አልቀርም። አንዱ እግር ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት ይመስላል፤ እሱ ግን ቁርጭምጭሚቷ ነው። እውነተኛው ጉልበቷ ላባዋ ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ፊት ነው የሚታጠፈው፤ ወፍ የምትቆመውም በጣቶቿ ነው። ሁለተኛው ሚዛን ነው። እግሩን ከሰውነቱ ጫፍ ያወጡትና ወፏ በአፍ ጢሟ ልትደፋ የደረሰች ትመስላለች። እርሳስዎን ቀጥ አድርገው ከሰውነቷ መሃል ወደ ታች ቢያወርዱት ጣቶቿ ላይ ማረፍ አለበት።

ሦስተኛው ክንፍ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። ብዙ ሰው ክንፍን ከጎኗ እንደተለጠፈ ጋሻ አድርጎ ይሥለዋል። አርፋ የተቀመጠች ወፍ ግን ክንፏን እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሰው ነው የምትይዘው። ከላይ የትከሻዋ ላባ ይሸፍነዋል፣ ከፊት የደረቷ ጎን ላባ ያለብሰዋል፣ የሚታየው መሃሉና ወደ ጅራቷ የሚያልፈው ጫፉ ነው። በሚዘንብበት ወይም በሚበርድበት ቀን የጎኗ ላባ ይበልጥ ወጥቶ ክንፉን ጨርሶ ሊውጠው ይችላል። ላባ በዘፈቀደ አይበቅልም፤ በመደዳና በክምችት ነው፦ የአናት፣ የጉንጭ፣ የጉሮሮ፣ የደረት፣ የጎን፣ የትከሻ። ስለዚህ ላባ አይቁጠሩ፤ አንዱ ክምችት ከሌላው የሚለይበትን ድንበር ብቻ ያስምሩ። የብዙዎቹ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ጅራት 12 ላባ አለው፤ ሲከደን ግን አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ከላይ የሚታየው አንድ ሁለቱ ብቻ ነው። የሚያውቁትን 12 ሳይሆን የሚያዩትን አንድ ይሣሉ።

ጸደይን መምረጥዎ ትክክል ነው። ቀኑ ሲረዝም ብርሃኑ በራስ ቅላቸው አልፎ አንጎላቸው ውስጥ ያሉ ብርሃን ለቃሚ ሕዋሳት ዘንድ ይደርሳል፤ ወፎቹን ለዝማሬና ለጎጆ የሚያነሳሳው ሆርሞን ከዚህ ይጀምራል። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት እምብዛም ስለማይለዋወጥ ወቅቱን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ ነው። ዛፉ ገና ቅጠሉን ያልሞላ ከሆነ፣ በኋላ በድምፅ ብቻ የሚያውቋት ወፍ አሁን በዓይን ትታያለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የሚዘምረው ወንድ ግዛቱን የሚያስከብርበት የራሱ ቅርንጫፍ አለው። ዘምሮ ይሄዳል፣ ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ሁለት ጠዋት ተከታትለው ያንን ቅርንጫፍ ካገኙ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው፣ ራቅ ብለው ይቀመጡና ይጠብቁት። ሲዘምር ጉሮሮው ሲነፋ፣ የጉሮሮው ላባ ሲበታተን፣ ጅራቱ ሲንቀጠቀጥ ያያሉ። «ቀና ስል ወፏ የለችም» ላሉት የማውቀው መፍትሔ ይኸው ነው፤ በሚመለሱበት ቦታ ቀድሞ መገኘት።

በጸደይ ብቻ የሚታይ አንድ ነገር ላሳይዎት። ወንዱ የቤት ድንቢጥ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ጥቁር ምልክት አለው። አዲስ ላባ ሲያወጣ የላባዎቹ ጫፍ ነጣ ያለ ግራጫ ስለሆነ ጥቁሩ ይሸፈናል። ወራት ሲያልፉ ያ ጫፍ እየተፋቀ ያልቅና ጥቁሩ ሙሉ ለሙሉ ይወጣል፤ ልክ ለማግቢያው ወቅት ይደርሳል ማለት ነው። ለጸደይ የሚያጌጠው አዲስ ልብስ ለብሶ ሳይሆን ያለው ልብስ አልቆለት ነው። ያንኑ ድንቢጥ በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቢነድፉት ደረቱ ላይ ያለው ጥቁር ሲሰፋ በራስዎ እርሳስ ይመዘግቡታል።

ድምፁንም ይንደፉ። በዚህ ረገድ ፊደላችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ የወፍ ድምፅ ሲጻፍበት ያለችግር ይቀመጣል። ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣውን በሣልስ፣ ወፍራሙንና የሚወርደውን በካዕብ እጽፈዋለሁ፦ «ጺ-ጺ-ጹው»፣ «ቲ-ቲ-ቲ-ትርርር»፣ «ኩ-ኩኩ፣ ኩ»። ለረዘመው ድምፅ አግድም መስመር ከላዩ አሰምርበታለሁ፣ ዝም ላለችበት ክፍት ቦታ እተዋለሁ። ከዓመት በኋላ ያችን መስመር ሳነባት ጠዋቱ ከነነፋሱ ይመጣልኛል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ባይኖኩላር ለመግዛት ካሰቡ 8 በ42 የሚባለው ይበቃል፤ 8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማለት ነው። 10 ጊዜ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ደብተሩ ኪስ የሚገባና ጀርባው ጠንካራ ይሁን። መንደፊያው 2ቢ የሚባለው ለስለስ ያለ እርሳስ ወይም ተራ እስክሪብቶ ይሁን። ላጲስ ቤት ይቅር፤ ላጲስ የያዘ እጅ ወፏን ትቶ መስመሩን ሲያስተካክል ይውላል።

ቀለምም ለጊዜው በቃል ይጻፍ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የዓይን፣ የምንቃርና የእግር ቀለም። ይህን ልማድ ከቀደምት ሠዓሊዎች ነው የወረስነው። አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉርቴስ እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 ከቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ከመቶ በላይ የአእዋፍና የእንስሳት ሥዕሎችን ሠርቷል። በዚያ ዘመን ወፍ የምትጠናው ተገድላ ነበር። ላባ ቀለሙን ለብዙ ዘመን ይይዛል፤ ዓይን፣ ምንቃርና እግር ግን ከሞት በኋላ ቶሎ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ሠዓሊው ወፏ ትኩስ ሳለች እዚያው መሥራት ነበረበት። ፉርቴስ ወደ አገሩ በተመለሰበት ዓመት፣ በነሐሴ 1927፣ ሥዕሎቹን ለጉዞ ጓደኛው አሳይቶ ሲመለስ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ መኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ሳይጎዱ ተረፉ። ዛሬ ባይኖኩላር ስላለን ወፏ በሕይወት እያለች እናያታለን። ትኩረቱ ግን ያው ነው፦ ቶሎ የሚያመልጠውን አስቀድሞ መያዝ።

የወፏን ስም መፈለግ መጨረሻ ይሁን። እንደ ኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ተቋሙ ሜርሊን ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች በድምፅም በፎቶም ስም ይነግሩዎታል፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን ስሙ ቀድሞ ከመጣ ዓይን ሥራውን ያቆማል። መጀመሪያ ይንደፉ፣ ከዚያ ወፏን ከሌላው ወፍ ለመለየት የረዳዎትን ነገር በትንሽ ቀስት ያመልክቱ፣ ከዚያ ይፈልጉ። አሜሪካዊው የአእዋፍ ሠዓሊ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው የወፎች መለያ መጽሐፍ ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነበር፦ ቀለል ያለ ሥዕል፣ መለያው ላይ የምታርፍ ቀስት። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው ወፍ የሚለየው በዚያ ዘዴ ነው።

«ሥዕል ተምሬ ልመለስ?» ላሉት መልሴ አይደለም ነው። የወፍ ጸደይ አጭር ነው፣ ሥዕል ትምህርት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። እጅዎን ማፍታታት ከፈለጉ የተኙ ዳክዬዎችን ይሣሉ፤ ምንቃራቸውን ጀርባቸው ላባ ውስጥ ከትተው ረጅም ጊዜ አይነቃነቁም። ወይም መሬት ላይ የወደቀች አንዲት ላባ ፊት ይቀመጡ። በአንዳንድ አገሮች የዱር ወፍ ላባ ይዞ መሄድ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ከወደቀችበት ሳያነሱ ይንደፏት።

ቦታ አይቀያይሩ። ቤትዎ አጠገብ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ አንድ ዛፍ በአርባ ጠዋት አርባ ዛፍ ነው። ከገጹ ጥግ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱንና ፀሐዩ ከየት እንደነበር ይጻፉ። ከሩቅ የሚመጡት ወፎች መጀመሪያ የታዩበትን ቀን በቀይ ይክበቡት። በሁለተኛው ጸደይ ያንን ቀን ሲጠብቁ ራስዎን ያገኙታል።

አሁን አጥር ላይ ወደቆመችው ወፍ። ትል በምንቃሯ ይዛ፣ ሳትውጠው፣ እየጮኸች ከአጠገብዎ አልሄድ ያለችው ለምዳዎት አይደለም። የያዘችው ለጫጩቶቿ ነው፤ ጎጆዋም ከቆሙበት ቦታ ጥቂት እርምጃ ላይ ነበር። እርስዎ እያዩ ብትገባ ጎጆዋን ማሳየት ይሆንባታል፤ ትታ ብትሄድ ጫጩቶቿ ይራባሉ። ሩብ ሰዓት ሙሉ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ቆማ ነበር። ትናንሽ ወፎች ለጫጩቶቻቸው በሰዓት ውስጥ ደጋግመው፣ አንዳንዶቹም በቀን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ስለዚህ ሩብ ሰዓት ለእነሱ ትንሽ አይደለም። ጩኸቷን ቁራና ድመትም ይሰማሉ። ይህን የምነግርዎት ለመውቀስ አይደለም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህንኑ አድርጌአለሁ፣ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ለረጅም ጊዜ እንደ ዕድል ቆጥሬው ነበር።

ሁለተኛ ሲገጥምዎት በመጡበት መንገድ ጩኸቱ እስኪቆም ድረስ ወደ ኋላ ይሂዱ። ዝም ባለችበት ርቀት ላይ ከቁጥቋጦ ጥግ ይቀመጡ። ያኔ ገብታ ስትወጣ፣ ባዶ ምንቃር ሆና ስትሄድና ሞልታ ስትመለስ ያያሉ፤ ያ ደግሞ ከቆመች ወፍ የበለጠ የሚነደፍ ነገር አለው። የተቀዳ የወፍ ድምፅ አጫውቶ ለማቅረብም አይሞክሩ፤ ወንዱ ግዛቱን ባላንጣ የገባበት መስሎት ምግቡንና ጎጆውን ትቶ በከንቱ ይዋጋል። የማትሸሽ ወፍ የምትገኘው በሌላ መንገድ ነው፦ ቀድሞ ደርሶ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቁ በመቆየት። ወፎቹ መጀመሪያ ይሸሻሉ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ያችን ንድፍ ግን እንዳይጥሏት። አውጥተው አንዴ ይዩዋት። ላባዋ ገላዋ ላይ ተለጥፎ፣ አንገቷ ተመዝዞ፣ ጅራቷ ወደ ላይ ተሰብቆ ከሣሏት ያ መልኳ ሳይሆን ድንጋጤዋ ነው፤ ሳያውቁት በትክክል መዝግበውታል ማለት ነው። ከጎኗ ቀኑንና «ጎጆዋ አጠገብ ሆኜ» የሚለውን ይጻፉባት። ከዛሬ በኋላ በዚያ አቋም የቆመች ወፍ ሲያዩ እርሳሱን ሳያነሱ ወደ ኋላ ይመለሱ።